የማማው ጠባቂ ጠበቃ

ባለቤቴ የኮሚክ መጽሐፍ አንባቢ ናት። ይህን ስናገር ሰው ፈገግ ይልና ልጆቻችን ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ይጠይቀኛል። ልጅ የለንም፤ መጽሐፎቹ የራሷ ናቸው። በዲቪ ሲያትል የገባን ሰሞን እንግሊዝኛዋ የክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ስለነበር፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ካለው ቤተ መጻሕፍት ሥዕል የበዛበትን እየመረጠች ትዋስ ነበር፤ ቃሉ ሲጠፋት ሥዕሉን ትጠይቃለች። እንግሊዝኛውን ከለመደችው ቆየች፣ ኮሚኩ ግን ከቤታችን አልወጣም። እኔ የሆቴል ቫን ነጂ ነኝ። ከኤርፖርት ሰውና ሻንጣ ሳመላልስ ውዬ፣ ሬኒየር ቢች ያለችው ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ስገባ ሶፋው ላይ ካባ የለበሰ ጎረምሳ በሆዱ ተደፍቶ ይጠብቀኛል። "ዛሬ ደግሞ ማንን አዳነ?" እላታለሁ። "ካንተ በቀር ሁሉንም" ትለኛለች።

ከሁሉ አስበልጣ የምትከታተለው አንድ ረጅም ተከታታይ ነው። ጀግናው የሰው ትንፋሽ ከሩቅ ይሰማል። በከተማው ውስጥ የማንም ትንፋሽ ሲቆራረጥ ጆሮው ይደርሳል፤ ተነስቶ ይበርና ከእሳትም ከውሃም ያወጣዋል። እስከዚህ ድረስ እንደ ማንኛውም ባለካባ ነው። አንድ መጥፎ ዓመል ግን አለው፤ ያዳነውን ሰው ይዋሻል። ከሚነድ ቤት ያወጣትን ሴት "ባልሽ ደህና ነው፣ ሌላ ሆስፒታል ወስደውታል" ይላታል፤ ባልየው ግን እዚያው ቀርቷል። እውነቱን ማን፣ መቼ መስማት እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። ይህ ዓመል ከየት እንደመጣ ደራሲዎቹ ተናግረው አያውቁም። ስለ ልጅነቱ የታተመው ሁለት ገጽ ብቻ ነው፤ ባሕር መሃል፣ ለመርከብ መብራት የሚበራበት ማማ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ አሳደገው። እናቱ በመርከብ ሄዳለች። ሽማግሌው "ትመጣለች" ይለዋል፤ ልጁም በየምሽቱ መብራቱን ያበራል። የቀረውን አንባቢዎቹ በኢንተርኔት ገጻቸው ላይ ይገምታሉ። ባለቤቴ "ቲዎሪ" ትለዋለች፤ እኔ ሐሜት ነው እላለሁ፤ የሌለ ሰው የሚታማበት ሐሜት።

እናቷ አዲስ አበባ ተቀምጠው የዚህን ልጅ ነገር ከእኔ በላይ ይከታተሉ ነበር። እሑድ እሑድ ስትደውል የሳምንቱን ታሪክ ትተርክላቸዋለች። ስለ መብረሩ ግድ አልነበራቸውም። "ለመሆኑ የማን ልጅ ነው? እናቱንስ ጠይቆ አያውቅም?" ይሏታል። እሷ ትስቅና ጥያቄውን ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች። ስንት የተማረ ሰው የሚራቀቅበትን ነገር አማቴ በአንድ ጥያቄ ነበር የሚይዙት።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ኤርፖርት መንገደኛ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። ሾርላይን የሚኖሩት የባለቤቴ አጎት፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ሁለታችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። "ብቻህን ነህ?" አሉኝ። ሐበሻ በስልክ "ብቻህን ነህ?" ካለህ የቀረውን ታውቀዋለህ። ብቻዬን ነኝ አልኳቸው።

"እትዬ አረፈች" አሉኝ። እሳቸው አለቀሱ፣ እኔም መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ቀጥለው ድምፃቸውን አስተካከሉና ወደ ደንቡ ገቡ። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ባለበት ነው። የባለቤቴ የነርስነት ፈተና ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነበር። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ እየሠራች፣ ዕረፍቷን ሁሉ እየሰዋች የተማረችበት ፈተና። ጋሼ ቆራጥ ነበሩ፤ ዓርብ ትፈተናለች፣ ቅዳሜ ማለዳ ይነገራታል፣ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል አሉኝ። እሺ ጋሼ አልኩ። ሰው አስቦበት እሺ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ይሄ አልነበረም።

ችግሩ እሑድ ነበር። እሑድ ትደውላለች። ጋሼ መላ ሲያጡ መላውን የመታሁት እኔ ነኝ። እናቷ ጠበል ገብተዋል ይበሏት፤ ስልክ የማይገባበት ገዳም፤ ሁለት ሳምንት አልኳቸው። "ጎበዝ" አሉኝ። እውነቱን ልናገርና በዚያ ሐዘን መሃል እንኳን ትንሽ ኮራሁ።

ያን ዕለት ቫኑን አስረክቤ፣ በራሴ መኪና ሰፈር ደርሼ፣ ፓርክ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ። ደረጃውን መውጣት አቃተኝ። ስገባ ጠረጴዛው ላይ በአንድ በኩል የፈተና ጥያቄ፣ በአንድ በኩል ኮሚክ ተከምሮ እሷ መሃል ተቀምጣለች። ፊትህ ምን ሆነ አለችኝ፤ ትራፊክ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷ ጠበበችኝ። ስልኬ በጠራ ቁጥር መታጠቢያ ቤት እገባለሁ፤ ጋሼ በየቀኑ ይደውላሉ፣ እኔ ውሃውን ከፍቼ በሹክሹክታ አወራለሁ። ስትስቅ ያመኛል። ስትዘፍን ደግሞ የባሰ ነው፤ ሐዘንተኛ ናት እኮ፣ አላወቀችም እንጂ። እኔ የሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የማዘፍን ሰው ሆንኩ።

ሐሙስ ዕለት ሽሮ ልንገዛ ሬኒየር መንገድ ላይ ያለው ሱቅ ገባን። ባለሱቋ ሰምታለች። ሰሞኑን ያልሰማ ሐበሻ ባለቤቴ ብቻ ነበረች። ሴትየዋ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ አቀፈቻት፣ ይዛም አልለቅ አለች። "እግዚአብሔር ያበርታሽ" አለቻት። "ለፈተናው" አልኩ እኔ፣ ሳልጠየቅ። ሴትየዋም ቶሎ ብላ ለፈተናው፣ ለፈተናው አለች። ሽሮውን ረስተነው ወጣን።

እሑድ ደረሰ። ደወለች። ያነሳችው አዲስ አበባ ያለችው እህቷ ናት፤ እማዬ ጠበል ገብታለች አለቻት፣ የትኛው ገዳም፣ ለስንት ቀን፣ ሁሉንም እንዳስጠናኋት። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ እያየችው ቆየች። "እማዬ ጠበል ገባች አሉኝ" አለች።

"ጥሩ ነዋ፣ ወገባቸውን ያማቸው የለ" አልኩ። ትንሽ ፈጠንኩ መሰለኝ። ቀና ብላ አየችኝና ዕቃ ልታጥብ ተነሳች። አንድ ድስት ለማጠብ የማይገባውን ያህል ጊዜ ወሰደባት። እኔ ግን አለፈልኝ ብዬ ተነፈስኩ።

ምሳ ከበላን በኋላ ደብተሯን ይዛ መጣች። አዲስ ቲዎሪ አለኝ አለች። የጀግናው ውሸት ከኃይሉ የመጣ አይደለም፣ ከጠባቂው የተማረው ነው፤ ሽማግሌው እናትየዋ መሞቷን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ልጁን እያወቀ ለሞተች እናት መብራት ሲያስበራው ኖረ። ልጁም ሲያድግ ውሸትን እንደ ፍቅር ቆጠረው። ይህን ሁሉ በእርጋታ አስረዳችኝ። ቀጥላ ደብተሯን ዘጋችና፣ "ሽማግሌው ለልጁ አዝኖለት አይደለም የደበቀው። ለቅሶውን ፈርቶ ነው" አለች።

በሕይወቴ ስለ ኮሚክ ተከራክሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጠባቂው አባቴ የሆነ ይመስል ብድግ አልኩ። ምን ያድርግ ታዲያ? ባሕር መሃል፣ ጎረቤት የለ፣ ዘመድ የለ፣ እሱና ሕፃን ልጅ ብቻ። ልጁ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል? ማን ውሃ ያጠጣዋል? ሰው ሳይሰበሰብ መርዶ ይነገራል ወይ? ሰው እስኪያገኝ ቢጠብቅ ምን ነውር አለው? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው፤ መርዶ የሚለውን ቃል ያነሳሁት እኔ መሆኔን እንኳን ያስተዋልኩት ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

እሷ አልተከራከረችኝም። ምን ያህል ጊዜ ነው ታዲያ የሚጠበቀው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። እስኪበረታ አልኳት። መበርታቱን የሚያውቀው ማነው አለች። ቲዎሪዋን ገጹ ላይ ስታወጣው የኔንም መከላከያ "ባለቤቴ እንዲህ ይላል" ብላ ጨመረችው። በማግስቱ ኤርፖርት ወረፋ ይዤ የማላውቃቸው ሰዎች ስለኔ የጻፉትን ሳነብ ዋልኩ። አንዳንዱ ባልሽ እውነቱን ነው፣ ጠባቂው ልጁን ወዶ ነው ይላል። አንዱ ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ሰው ጠባቂው ነው፣ ምክንያቱም ክፉ መሆኑን አያውቅም ብሎ ጽፏል። ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ ወረወርኩት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አንስቼ አነበብኩት።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ ከሥራ ስገባ ላፕቶፑን ከፍታ አገኘኋት። "ፈተናውን ሪስኬጁል አድርጌ ላራዝመው እያልኩ ነው" አለችኝ። "ሁለት ሳምንት ብቻ። ጭንቅላቴ አልያዘልኝም።"

ሁለት ሳምንት። ሌላ ሁለት ሳምንት ውሃ ከፍቼ መንሾካሾክ ታየኝ። "እንዳታደርጊው!" ብዬ ጮህኩ። እኛ ቤት አይጮህም፤ እቀልዳለሁ፣ እነጫነጫለሁ፣ ግን አልጮህም። ለምን አለችኝ። ተዘጋጅተሻል አልኩ፣ ጋሼም አልኩ። ጋሼ ምን? ጋሼ ይጸልዩልሻል አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል? ላፕቶፑን ቀስ ብላ ከደነችው።

"ኦኬ። አልቀይረውም" አለች። ዓይን ዓይኔን እያየች ደግሞ፣ "ሌላ የምትለኝ ነገር አለ?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርም ነበር፣ ውጭ ይዘንብ ነበር፣ እሷ ትጠብቅ ነበር። ልነግራት ፈልጌ ነበር። ጋሼ በሐሳቤ መጡብኝ፣ ያለፈው ዘጠኝ ቀን መጣብኝ፣ እስካሁን የዋሸሁትን ሁሉ ዛሬ እንዴት አድርጌ እመልሰዋለሁ አልኩ። ፈራሁ። ለሷ አይደለም የፈራሁት፤ ለራሴ ነው።

"የለም" አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ጥያቄዎቿ ተመለሰች።

ዓርብ ወደ መፈተኛው ቦታ እኔ ነኝ የነዳሁላት። መንገዱ ተጨናንቆ ስንንቀራፈፍ በመስኮት እያየች ስለ ልጁ አነሳች። ቲዎሪዬ የጎደለው ነገር ነበረ፣ አሁን ሞላልኝ አለች። ልጁ የሰው ትንፋሽ ከሩቅ ይሰማል፤ ይህ ኃይል አብሮት የተወለደ ነው። ታዲያ የእናቱ ትንፋሽ ሲቆም እንዴት አይሰማም?

"ያውቅ ነበር" አለች። "መብራቱን ሲያበራ ሁሉ ያውቅ ነበር።"

ታዲያ ለምን ዝም አለ አልኳት። ሽማግሌውን እንዳያሳፍረው አለችኝ። እንግዲህ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እየተባለ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ምሳሌው ፊት ለፊቴ ሲቀርብ ግን ብርሌውን እንኳን አላየሁም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ እንደዚያ ከሆነ ጥሩ ልጅ ነው አልኳት። በሩን ከፍታ ስትወርድ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ተፈታኟን ማበርታት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ማለዳ የኔ ድርሻ በሩን ሳይቆለፍ መተው ነበር። ሰዎቹ መኪናቸውን በላይኛው መንገድ አቁመው፣ ነጠላቸውን ከኮት ሥር ሸሽገው፣ ደረጃውን በእግር ጣታቸው ወጡ፤ ጋሼ፣ የንስሐ አባቷ፣ ከመንከባከቢያው የሥራ ጓደኞቿ። ባለቤቴ ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቷል፣ ወንበሮቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል፣ ኮሚኮቹ ካርቶን ገብተዋል። ማታ ስታስተካክል አይቻታለሁ፤ ፈተናው ስላለቀ ቤት እያጸዳች ነው ብዬ ነበር።

ጋሼ ነገሯት። ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ ወደቀች፤ ሴቶቹ ያዟት፣ ውሃ አጠጧት። ለቅሶው እውነተኛ ነበር፤ እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰው አይፈጥረውም። ጋሼ ዕንባቸውን እየጠረጉ እኔን በዓይናቸው አመሰገኑኝ። ሁሉም እንደ ደንቡ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ሲወጣልን፣ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ድምፅዋ ተዘግቷል። "የዚህ ወር የማርያም ጽዋ የእማዬ ተራ ነበር" አለችኝ። "ዓመት ሙሉ ጠብቃው። ድግሱን እንኳን በስልክ ነግራኝ ጨርሳ ነበር። እማዬ ጽዋዋን ጥላ ጠበል ትገባለች? እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጽፍ ወንድ ብቻ ነው።"

መጀመሪያ ምን እያለችኝ እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። የጽዋው ማኅበርተኞች ዕጣ አውጥተው ተራው እንደደረሳቸው አማቴ በደስታ ሲያወሩ እኔም በስፒከር ሰምቻለሁ፤ ሰምቼ ረስቻለሁ። እሷ ደግሞ በታሪክ ውስጥ የማይገጥም ነገር ፈልጋ ማግኘት ዓመታት የሠራችበት ሙያ ነው። እሑድ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው፤ አምስት ቀን አንድ ቤት ውስጥ፣ እኔ ስደብቃት፣ እሷ መደበቄን ስትደብቀኝ።

የት አለቀስሽ አልኳት፤ ይህን ነው ማወቅ የፈለግኩት። ባቡር ውስጥ አለችኝ። ላይብረሪ ነኝ ስትለኝ ከሬኒየር ቢች ተሳፍራ እስከ ሾርላይን ትሄዳለች፣ ሳትወርድ ትመለሳለች። ባቡር ውስጥ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እናቷ የሞቱባት ልጅ ማንም ሳይዛት፣ ማንም ውሃ ሳያጠጣት፣ ፊቷን በመስኮት አዙራ አለቀሰች። ለጠባቂው ስከራከር ያነሳሁት ፍርሃት ሁሉ በሷ ደርሶ ነበር፤ ያደረስኩባትም እኔ ነኝ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?" አልኳት።

"ጠየቅኩህ እኮ" አለችኝ። "ሌላ የምትለኝ ነገር አለ ወይ አልኩህ።"

ይቅርታ አልኳት፤ ሰማሁ አለችኝ። ቀድሜ ማወቄን ለጋሼ እንዳትነግር ስትል ደግሞ ለመነችኝ፤ ጥሩ ነገር ያደረጉልኝ መስሏቸዋል፣ በስተርጅና አታሳዝናቸው አለች። እሺ አልኳት። አንዱን ምስጢር ሳስረክብ ሌላውን ተረከብኩ።

ፈተናውን አለፈች። እንዴት እንዳለፈች አላውቅም፣ ጠይቄያትም አላውቅም። ለአርባው ሾርላይን ጋሼ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ጋሼ በሰው ሁሉ ፊት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። "ደብቀን ባንይዘው ኖሮ ይህቺ ልጅ ዛሬ ነርስ ትሆን ነበር? ይሄ ልጅ ነው፣ አሥራ ሁለት ቀን ትንፍሽ ሳይል። አይደል?" አሉ። ሰዉ አመሰገነኝ። ባለቤቴ ጥቁሯን ለብሳ ከማዶ ታየኝ ነበር። አዎ ጋሼ አልኩ።

ወደ ንባቧ ከተመለሰች ቆይታለች። ልጁ ያውቅ ነበር የሚለውን የቲዎሪዋን ግማሽ ገጹ ላይ አውጥታዋለች፤ ብዙ ሰው ወዶላታል። ስገባበት "ባለቤቴ እንዲህ ይላል" የሚለው መስመር የለም፤ አጥፍታዋለች። ዛሬስ ማንን አዳነ እላታለሁ እንደ ድሮው፤ ትመልስልኛለች፣ እንስቃለን። ስልኬ ሲጠራ ግን ከገጹ ላይ ቀና ብላ መጀመሪያ የምታየው ፊቴን ነው። ስለዚህ ማንም ይደውል ማን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በስፒከር ነው የማነሳው። እንዲህ አድርግ ያለኝ የለም። ተወው፣ አያስፈልግም ብላኝም አታውቅም።